የቋንቋ ክበብ፦ የስፓኒሽ ስሞችን በትክክል ማንበብ

የክበባችን አባላት የላቲን ፊደል የቆጠሩት ከእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የስፓኒሽ ስም ሲያጋጥማቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሚሳሳትበት ቦታ ይሳሳታሉ። አፋቸው ግን አብዛኞቹን ድምፆች ያውቃል፤ የዘንድሮው ሥራችንም ያተኮረው ይህን በማስተዋል ላይ ነበር።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በሙሉ ለአናባቢ ዋለ። ብዙ ሰው ስለሚንቀጠቀጠው «ር» ይጨነቃል፤ ንግግሩን ቶሎ የሚያበላሸው ግን አናባቢ ነው። የስፓኒሽ አናባቢዎች አምስት ብቻ ሲሆኑ በካዕብ፣ በሣልስ፣ በራብዕ፣ በኃምስና በሳብዕ ይጻፋሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጫና (ከሌሎቹ ጎላ ተደርጎ መነበብ) ያላረፈበትን አናባቢ ወደ ግዕዝ ድምፅ ያወርደዋል፤ መጨረሻ ላይ ያለውን «ኤ» ደግሞ «ኤይ» ይለዋል። «ኾሴ» «ሆዜይ» የሚሆነው እንዲህ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱን ስም አስቀድመን በፊደላችን ጻፍነው፤ የግዕዝ ድምፅ ከገባበት ይታረማል።

ተነባቢዎቹ ቀለል ይላሉ። «ኤስ» በሁለት አናባቢ መካከል «ዝ» አይሆንም፦ ሮሳ እንጂ ሮዛ አይባልም። «ኤች» አይነበብም፦ ኤርናንዴስ። «ጄ» ከጉሮሮ አካባቢ የሚፋቅ «ኽ» ነው፤ «ጂ»ም ከ«ኤ» እና ከ«ኢ» ድምፅ በፊት እንደዚያው ነው፦ ኾርኼ፣ አርኼንቲና። ድርብ «ኤል» በአብዛኛው «ይ» ነው፤ የስፖርት ገጾች «ቪላሪያል» የሚሉት ክለብ «ቢያሬአል» ነው።

«ፓኮ»ና «ታኮ»ን የተለማመድነው ቀጭን ወረቀት ከከንፈር ፊት አድርገን ነው፤ ወረቀቱ ከተርገበገበ የእንግሊዝኛ ትንፋሽ ገብቷል ማለት ነው። ትንፋሹን ለማጥፋት «ጣቆ» የሚሉም ነበሩ፤ ይህም ስህተት ነው። ምላስ የላይኛውን ጥርስ ጀርባ ነክቶ በቀስታ ይላቀቅ።

ለ«ር» ከአማርኛ የተሻለ መምህር አላገኘንም። «ራሰ በራ» ስንል «ራ» ይላላል፤ «መብራቱ በራ» ስንል ይጠብቃል። «ፔሮ» ላልቶ «ግን»፣ ጠብቆ «ውሻ» ነው። በቃል መነሻ ላይም ስለሚጠብቅ «ሬአል ማድሪድ» ሲባል ምላስ ይንቀጠቀጣል።

የከበደን ጫና ነበር፤ አማርኛ ጎላ ያለ ጫና ስለሌለው ሁሉንም እኩል እናነባለን። ቃሉ በአናባቢ፣ በ«ኤን» ወይም በ«ኤስ» ካለቀ ጫናው ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል፦ ካርመን። በሌላ ፊደል ካለቀ መጨረሻው ላይ ነው፦ ማድሪድ። በአናባቢው ላይ ጭረት ካለ፣ እንደ ቦጎታ፣ ጭረቱን መከተል ነው። እጅ እያጨበጨቡ ማንበብ ረድቶናል።

ማሳመርም ያሳስታል። «ኻላፔኞ» በተባለው በርበሬ ስም ላይ «ኝ» አለ፤ «አባኔሮ» የተባለው በርበሬ ግን ስሙን ያገኘው ከአባና (ሃቫና) ከተማ ስለሆነ «ኝ» አይገባበትም።

የአሜሪካ ከተሞች ጉዳይ ክበቡን አከራክሯል። «ሎስ አንኼሌስ» የስፓኒሹ ንባብ ቢሆንም፣ በእንግሊዝኛ ስንናገር ነዋሪዎቹ በእንግሊዝኛ እንደሚጠሩት «ሎስ አንጀለስ» እንላለን፤ የሰው ስም ሲሆን ግን ባለቤቱን ጠይቀን እሱ እንዳለው እንጠራዋለን።