ገመዱ የማን ነው?

ይድረስ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ገንዘብ ለማስከፈል አስፋልት ላይ ስለሚዘረጋ ገመድ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብረ ብርሃን የምኖር የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ወንድሜ በግ ነጋዴ ነው። የመንዝ በግ እየገዛ አዲስ አበባ ወስዶ ይሸጣል። እኔ በጠመኔ የምጽፈውን እሱ ከኪሱ ይከፍለዋል።

ለፋሲካ ገበያ 38 በግ አይሱዙ ላይ ጭኖ ሲወርድ አብሬው ተሳፈርኩ። በጎቹን የገዛበት ገበያ ላይ የኮቴ፣ ማለትም በየእንስሳው የሚጠየቀውን ክፍያ፣ ከፈለ። ይሄ ነውር የለውም። ገበያው በረት አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ደረሰኙም ማኅተም አለው። ከዚያ መንገድ ጀመርን።

አንድ ቦታ ላይ ገመድ ተዘርግቷል። መሃሉ ላይ እንዲታይ ቢጫ ፌስታል ታስሮበታል። አንድ ልጅ መጣና ወደ ጭነቱ ቀና ብሎ በጎቹን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አሥራ ምናምን ላይ ሲደርስ ተምታታበት። "በቃ 300 ስጡኝ" አለ። ደረሰኝ ስንለው ከጥራዝ ቀዶ ሰጠን። ማኅተም የለውም። የመሥሪያ ቤቱ ስም መጻፍ በነበረበት ቦታ "ገቢ" ይላል። በቃ፣ "ገቢ"።

ትንሽ እንደሄድን ሌላ ገመድ። "ከፍለናል" ብንል "የዚያኛው የዚያ ነው፣ የዚህ የዚህ ነው" ተባልን፤ ደግመን ከፈልን። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ "እስኪ መምህር፣ ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?" አለኝ። እየቀለደ ነበር። እኔ ግን መልስ አጣሁ፤ ነደደኝ።

ገመዶቹ በየትኛው ክልል እንዳሉ ሆን ብዬ አልናገርም። ከተናገርኩ ወሬው ከኮቴ ወደ ብሔር ይዞራል። ደግሞም ጫጫን አልፋችሁ ሸኖ ስትገቡ ከአንዱ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ወጥታችሁ የሌላኛው ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ነው የምትገቡት። የአንዱ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን፣ የሌላው ፍቼ። በጎቹ መቼም ልዩነቱን አላወቁትም።

ቤቴ ስገባ ሕገ መንግሥቱን አወጣሁ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን ሥራ ላይ የዋለው ያው መጽሐፍ ነው። አንቀጽ 51 ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። በክልሎች መካከል የሚደረገውን ንግድ የሚቆጣጠረውም እሱው ነው። አንቀጽ 97 ደግሞ ክልሎች ከምን ከምን ግብር እንደሚሰበስቡ ይዘረዝራል። የግለሰብ ነጋዴ ግብር እዚያ ውስጥ አለ፤ ወንድሜም በየዓመቱ ይከፍላል። ለተሰጠ አገልግሎት የሚከፈል ክፍያም አለ። የበረቱ ኮቴ በዚህ ያልፋል። በመንገድ አልፈሃልና ክፈል የሚል ግን አላገኘሁም።

አንቀጽ 100 የበለጠ ግልጽ ነው። የሚጠየቀው ግብር ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር መመጣጠን አለበት ይላል። ገመዱ ምን አገለገለን? ሲነሳልን አሳለፈን። ይሄ አገልግሎት ከተባለ እኔ ማስተማሬን ልተው።

"አዲስ ዓይነት ግብር ነው" የሚል ካለም መንገዱ የእናንተ በር ድረስ ነው የሚያመጣው። በአንቀጽ 99 መሠረት ለማንም ተለይቶ ያልተሰጠ ግብር የሚወሰነው እናንተና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ተሰብስባችሁ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች ስለ ወንድሜ በጎች የተሰበሰቡ አይመስለኝም።

ለፍተሻ የቆመ ኬላ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን አልነካም።

ገመዱን የዘረጋውም ዝም ብሎ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። አንቀጽ 50 ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። ሥልጣን ያለ ገንዘብ ምን ይሠራል? ወረዳው ደመወዝ ከፍሎ እጁ ላይ የሚተርፈው ትንሽ ከሆነ፣ ዓይኑ አስፋልቱ ላይ ማረፉ አይቀርም። የክልሎችን የድጎማ ቀመር የምታወጡት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ለእናንተ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣንም የድጎማው ነገርም አንድ ቤት ውስጥ፣ አንቀጽ 62 ላይ ተቀምጠዋል።

ድሮ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ የመጣ ነጋዴ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ቢከብደውም ቀረጡ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ የንጉሡ ነው። የእኛ ገመድ ባለቤት ግን "ገቢ" ነው።

የምለምነው ብዙ አይደለም። በመንገድ የሚያልፍ ዕቃ ላይ ማን ማስከፈል እንደሚችልና እንደማይችል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለሁለቱም ክልሎች ላኩ። ጽሑፉ እስከ ቀበሌ ይውረድ። ማንኛውም ደረሰኝ ላይ ያዘዘው ሕግ ቁጥርና የመሥሪያ ቤቱ ስም ይጻፍ። ነገሩ የሕገ መንግሥት ክርክር ነው ካላችሁም ንገሩኝ። ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አመለክታለሁ። የጉባኤው 11 አባላት አይተው ወደ እናንተ ከመሩት፣ በ30 ቀን ውስጥ የመወሰን ግዴታ አለባችሁ።

ሦስቱን ደረሰኞች ሬሽን ካርድ በነበረበት በድሮው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ማኅተም ያለው የገበያው ብቻ ነው። ከፈለጋችሁ ኮፒ አድርጌ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥነ ዜጋ መምህር
ደብረ ብርሃን