ኖታችንን አሳትሙልን

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የኢትዮጵያውያን አቀናባሪዎች የቻምበር ሙዚቃ ኖታ እንዲታተም ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚበልጥ፣ ድምፁም ወፈር ያለ መሣሪያ) ተጫዋች ነኝ። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ ሆነን እንሰበሰባለን። የኦስትሪያውን አቀናባሪ ሃይደንን መጫወት ስንፈልግ ችግር የለም፤ ኖታው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ሞልቷል። «እስቲ የአገራችን ሰው የጻፈውን እንሞክር» ስንል ነው ጣጣው የሚጀምረው። ሰው በሰው ይጠየቃል። ተገኘ ቢባል በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ነው፤ የታችኛው መስመር ተቆርጧል፣ የቪዮላው ክፍል ጭራሽ የለም። (ቪዮላን መርሳት የዓለም ልማድ ስለሆነ እሱን እንኳን ለምደነዋል።)

ቻምበር ሙዚቃ ጥቂት ሰዎች ያለ መሪ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መስመር ይዘው የሚጫወቱት ነው። ትልቅ አዳራሽም ብዙ ገንዘብም አይፈልግም። ዛሬ በርካታ አቀናባሪዎች የዘር ሐረጋቸውን ታሪክና ያነበቡትን መጽሐፍ የሚያወጉት በዚሁ ነው። አሜሪካዊቷ ጋብሪኤላ ሊና ፍራንክን ውሰዱ። እናቷ ፔሩአዊት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የጻፈችው «ሌየንዳስ» የተነሣው ከፔሩው ደራሲ ሆሴ ማሪያ አርጌዳስ ሐሳብ ነው፤ ባህሎች አንዱ ሌላውን ሳይውጥ አብረው መኖር ይችላሉ ይላል። አራቱ መሣሪያዎች የአንዲስ ተራሮችን ዋሽንት ያስመስላሉ። ኖታው ታትሟል። እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን ገዝተን ልንጫወተው እንችላለን።

የእኛው ሰው ግን ከማን ያንሳል? የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ልብ ወለድም የጻፉ አቀናባሪ ነበሩ። «ኮቱራሲያ» የተባለው ሥራቸው ፍሉት፣ ክላሪኔት፣ ቫዮሊንና የጃፓኑን ባለ አውታር መሣሪያ ኮቶን አንድ ላይ ያስቀምጣል። ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ ክራር ይዞ ጀምሮ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ፒያኖ ተማረ፤ «አምባሰል»ንና «እልልታ»ን ለፒያኖ ጻፈ።

የመነኩሲቷ ፒያኒስትና አቀናባሪ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ጎንደር ላይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል፤ በፒያኖ ሥራዎቻቸውም ዜማው ይሰማል። የእጅ ጽሑፎቻቸው በአሮጌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦርሳዎች ታጭቀው ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጽሐፍ ሆነው ወጡ። የወጡት ግን ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ በእስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኒትዝ ልፋት ነው። እሷን ማመስገን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። ለእኛ ግን ያሳፍራል።

«የተቀዳ ድምፅ አለ አይደል፣ እሱን ሰምታችሁ ተጫወቱ» የሚሉን አሉ። እስቲ አንድ በአንቺሆዬ ቅኝት የሆነ ዜማ ለቫዮሊን ተጽፏል እንበል። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ሳያነሣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይንሸራተታል፤ ድምፁም ሁልጊዜ ከፒያኖ ቁልፎች ጋር አይገጥምም። ቫዮሊኑ የቱ ጋ ይንሸራተት? በየትኛው አውታር? ቼሎው ዝቅ ብሎ ይያዝለት ወይስ ዝም ይበል? አራት መስመር ሲደራረብ ጆሮ ይህን ሁሉ ነጥሎ አያወጣም። አቀናባሪው በእጁ ጽፎ ካላስቀመጠው የምንጫወተው የራሳችንን ግምት ነው። ዜማ መጻፍ ደግሞ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ ድጓው ርክርክ፣ ጭረት፣ ድፋት እየተባለ በምልክት ይጻፋል፤ ምልክቶቹን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት ይነገራል። ብራና ፍቀው ዜማ ያሰፈሩ ሰዎች ልጆች በተቆረጠ ፎቶ ስንጨነቅ ትንሽ ይከብዳል።

ሥነ ጽሑፉም አለ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያለ ድምፅ ማሰብ ይቸግረዋል። አንድ ወጣት አቀናባሪ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ወስዶ፣ ከአራት መሣሪያ ጋር በመድረክ ቢያስነብብ ደስ አይልም? ግን ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት መብቱ ደራሲው ካረፉ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። መጠበቁ ትክክል ነው። ሆኖም ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ወራሽ ፈልጎ፣ ውል ተዋውሎ፣ ከፍሎ የሚዘልቀው አይደለም። ሚኒስቴሩ መሐል ቢገባ ያልቃል።

ፌስቲቫል አዘጋጁልን አላልንም። በየዓመቱ ጥቂት ሥራዎች ተመርጠው፣ ለአቀናባሪውም ተከፍሎ፣ ሙሉ ኖታውና የየተጫዋቹ ክፍል በብርሃንና ሰላም ይታተም። ለያሬድ ትምህርት ቤትና ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ይሰጥ፣ ባለመብቱ የፈቀደው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ይጫን። ለአንድ በዓል ባነርና ቲሸርት የሚወጣው ብር ለመጀመሪያው ዙር ሳይበቃ አይቀርም። ከሁሉ በፊት በእጅ ጽሑፍ ያሉት ስካን ይደረጉ፤ ወረቀት ይረግፋል፣ ቤትም ይፈርሳል።

ሥራው ተጀምሮ ከሆነ የትኛው ክፍል እንደያዘው አሳውቁን። ካልተጀመረ፣ እርማቱን በነጻ የምናነብ ተጫዋቾች አለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቪዮላ ተጫዋች
አዲስ አበባ