ያገለገለ ጀልባ ሲገዛ ከቀለሙ በፊት ብሎኑ ይታይ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ያገለገለ የሸራ ጀልባ ስለመግዛት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው አዲስ መግዛት ባይችልም ያገለገለ ገዝቶ ረጅም የባሕር ጉዞ መሄድ ይችላል ማለታችሁ ትክክል ነው፣ እኔም ከልቤ የማምንበት ነገር ነው። ግን ገዢው እይ የተባለው ስንት ሰው ታስተኛለች፣ ኩሽናዋ ምን ይመስላል፣ መቼ ተሠራች የሚለውን ነው፣ ከዛ ኪስህ የሚችለውን ትልቁን ውሰድ ይላል፣ ስለ ምርመራ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም ደላላው የሚያውቀውን መርማሪ ያገናኝሃል የሚል ነው። እንድጽፍ ያደረገችኝ ይቺ መስመር ናት፣ ምክንያቱም እኔ ልክ እንደዛ አድርጌ ነው የገዛሁት።

የገዛኋት ጀልባ 36 ጫማ ፋይበርግላስ ናት። ላያት ስሄድ ውጪዋ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል፣ ውስጥ ፍራሾቹ አዲስ ጨርቅ ለብሰዋል፣ ሞተሩ እኔ ሳልደርስ ተነስቶ እየሠራ ነበር። መርማሪ እፈልጋለሁ ስለው ደላላው ስልክ ሰጠኝ፣ ሰውየው መጥቶ ጀልባዋ ውሃ ላይ እንዳለች ሁለት ሰዓት ያህል ዞር ዞር ብሎ አየና ደህና ናት የሚል ወረቀት ጻፈልኝ፣ እኔም ከፈልኩ። ስምንት ወር ቆይቶ አንድ ሌሊት ዝናብ ሲዘንብ ከመደርደሪያው በላይ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ። መስኮቱ መስሎኝ በሲሊከን ደፈንኩት፣ አልቆመም። በኋላ የግድግዳውን ልባስ ፈትቼ በእጅ ባትሪ ሳይ፣ ምሰሶውን በጎን ወጥሮ የሚይዘው ሽቦ የሚታሰርበት ብረት አለ፣ ቼንፕሌት ይሉታል፣ እሱ የተያዘበት እንጨት ጠቁሯል። ካቻቪቴ ጫን ሳደርግበት እስከ እጀታው ገባ፣ እንደ ረጠበ ካርቶን ነበር። ብሎኖቹን ፈትቼ ብረቱን ሳወጣው ከዴኩ፣ ማለት ከላይ ከምንራመድበት የጀልባዋ ወለል፣ በላይ ያለውም ከታች ያለውም እንደ መስታወት ያበራል፣ ዴኩን አቋርጦ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ግን ቡናማ መስመር አለ፣ በጥፍሬ ስስበው ጥፍሬ ያዘበት። ስንጥቅ ነበር። ያን ሁሉ ወር በዛ ብረት ላይ ተማምኜ ቤተሰቤን ይዤ በሸራ ስወጣ ነበር።

ነገሩ ለብዙ ሰው ግር ይለዋል፣ ስቴንለስ ስቲል አይዝግም ይባላል አይደል። የማይዝገው ግን ላዩ ላይ ከኦክስጅን ጋር የሚሠራ በጣም ስስ ሽፋን ስላለው ነው፣ ጨዋማ ውሃ ተኝቶ አየር በማያገኝበት ጠባብ ቦታ ሽፋኑ ሲጎዳ ራሱን መጠገን ያቅተዋል፣ ከዛ ከማይታየው በኩል እየተበላ ይሄዳል። ስለዚህ ከላይ ያበራል ማለት ምንም ማለት አይደለም። ቼንፕሌት ቢያንስ አንዱ ተፈትቶ ይታይ፣ ሻጩ እሺ ካላለ ሁሉም መቀየር እንዳለበት ቆጥራችሁ ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

የዴኩም ነገር እንደዚሁ ነው። ብዙ የፋይበርግላስ ጀልባ ዴኩ ሁለት ስስ ፋይበርግላስ ሆኖ መሐሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት አለው፣ ደረቅ ሲሆን ጠንካራና ቀላል ነው፣ በአንድ በደንብ ባልታሸገ የብሎን ቀዳዳ ውሃ ከገባበት ግን ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፣ ላዩ ምንም አይታይበትም። የፕላስቲክ መዶሻ ያዙና ጫማችሁን አውልቃችሁ በየጥቂት ሴንቲሜትሩ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ፣ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድብ ይላል፣ ልዩነቱን ለመስማት ሙያ አይጠይቅም። በተለይ ገመድ ተጠምጥሞ በሚሳብበት በዊንቹ ዙሪያ፣ የአጥሩ ዘንጎች ቆመው በታሰሩበት፣ ምሰሶው ባረፈበት አንኳኩ። እኔ በኋላ ሳንኳኳ ከምሰሶው ፊት ለፊት የአንድ ጠረጴዛ ስፋት ድብ አለብኝ። በአምስት ደቂቃ የሚታወቅ ነገር ነበር።

ገዢ ሁሉ የሚፈራው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከውሃ መስመሩ በታች የሚወጣውን እብጠት፣ ኦስሞሲስ የሚሉትን። ውሃ ቀስ ብሎ ጀልኮት የሚባለውን የውጭ ሽፋን አልፎ ገብቶ ከውስጥ ካለው ነገር ጋር ሲዋሃድ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ይፈጥርና ያብጣል። ለማስተካከል ገንዘብም ጊዜም ይበላል፣ ለመደራደሪያ ጥሩ ነው፣ ግን በእብጠት የሰጠመ ጀልባ እምብዛም ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ኪሉ ነው፣ ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ከሆዷ በታች የሚታሰረው ከባድ ክንፍ። እ.ኤ.አ. በ2014 ቺኪ ራፊኪ የምትባል 40 ጫማ ጀልባ አትላንቲክ መሐል ኪሏ ተነቅሎ ተገለበጠች፣ አራቱም የነበሩባት ሰዎች ጠፉ። የእንግሊዝ የባሕር አደጋ መርማሪዎች በሪፖርታቸው ከዛ በፊት ጥልቀት በሌለው ውሃ መሬት እየነካች መጠገኗ ኪሉን ከአካሏ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል አዳክሞት ሊሆን ይችላል ብለዋል። ስለዚህ ሻጩን መሬት ነክታ ታውቃለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ከዛ በክሬን ወጥታ ኪሉና አካሏ የሚገናኙበትን መስመር ከፊት ተንበርክካችሁ እዩ፣ ተከፍቶ ወይ የዝገት ውሃ እያለቀሰ ከሆነ ዝም ብሎ አይታለፍም። ከውስጥም ወለሉን አንስታችሁ የኪሉን ብሎኖችና ዳዶዎች በባትሪ እዩ፣ አጠገባቸው ፋይበርግላሱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ካሉ ፎቶ አንሱ። ውሃ ላይ ሆኖ ኪልን መርምሬያለሁ የሚል መርማሪ ቢመጣላችሁ ሸኙት።

ወለሉ ሲነሳ ደግሞ ውሃ የሚገባባቸውንና የሚወጣባቸውን ቫልቮች በእጃችሁ ክፈቱ ዝጉ። ብዙ ጀልባ ላይ ነሐስ የሚመስለው ነገር ናስ ነው፣ ናስ ውስጥ ያለው ዚንክ በጨው ውሃ ይበላና የቀረው መዳብ ሮዝ መልክ ይዞ ይቀራል፣ ሲጫኑት እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል። በቢላ ጫፍ ትንሽ ፋቅ አድርጉት፣ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፣ ሮዝ ከሆነ ያ ቫልቭ ጀልባዋን ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ላይ እንደታሰረች ሊያሰጥማት ይችላል።

ስለ ሞተሩ ብዙ ማለት አልፈልግም፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ። ከመነሳቱ በፊት እጃችሁን አስቀምጡበት፣ ሞቆ ከሆነ ሻጩ ሳትመጡ አስነስቶታል ማለት ነው፣ ምናልባት ቀዝቃዛ ሲሆን እንደማይነሳ ስለሚያውቅ ይሆናል፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። የናፍጣ ሞተር ጭሱ ይናገራል፣ ጥቁሩ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ እንዳልተቃጠለ ወይ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እንደተጫነ፣ ሰማያዊው ዘይት እንደሚያቃጥል፣ ሲሞቅ የማይጠፋ ነጭ ደግሞ ወይ ውሃ ወይ ያልተቃጠለ ናፍጣ።

ምሰሶውን የሚይዙት ሽቦዎች መቼ እንደተቀየሩ ደረሰኝ ጠይቁ። ብዙ ኢንሹራንሶች ከ10 እስከ 15 ዓመት ካለፋቸው ይቀየሩ ይላሉ፣ ደረሰኝ ከሌለ ከጀልባዋ እኩል አርጅተዋል ብላችሁ አስቡ። ሸራውን ደግሞ ዘርግታችሁ ክሩን በጣታችሁ ሳብ አድርጉት፣ ፀሐይ መጀመሪያ የምትበላው ስፌቱን ነው፣ ጨርቁ ደህና መስሎ ክሩ በእጅ ብጥስ ይላል።

አሁን ወደ ትልቁን ውሰድ ወደሚለው ልምጣ፣ እዚህ ላይ በግልጽ አልስማማም። ጀልባ ቅርጿ ሳይለወጥ ርዝመቷ እጥፍ ሲሆን ክብደቷ ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ መልህቁ ሸራው ገመዱ ዊንቹ ሁሉ አብሮ ያድጋል፣ ማሪናም የሚያስከፍለው በርዝመት ነው፣ ሁለት ሰው ሌሊት በነፋስ መሐል ሊይዘው የሚችለው ሸራ ደግሞ ልክ አለው። ትንሽ ጀልባ ባሕር አትችልም የሚለው እ.ኤ.አ. በ1979 ከባድ ማዕበል በመታው የፋስትኔት የሸራ ጀልባ ውድድር ተፈትኗል፣ 303 ጀልባ ወጥቶ ማዕበሉን አልፎ የጨረሰው 86 ብቻ ነው፣ 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ፣ ከትናንሾቹ ምድብ የጨረሰችው አሰንት የምትባለው ኮንቴሳ 32 የሚባል ሞዴል ጀልባ ብቻ ነበረች፣ 32 ጫማ ናት። ከእሷ የሚበልጡ ብዙ ጀልባዎች አቋርጠዋል። ትንሽነት ያድናል እያልኩ አይደለም፣ በዛ ምድብ ሌሎቹ ሁሉ አልጨረሱም፣ የዲዛይኑና የአሠራሩ ጥንካሬ ከርዝመቱ ይበልጣል ነው የምለው። የጀልባ እድሜም ቢሆን ብቻውን አያስፈራኝም፣ ላውራ ዴከር በ16 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ2012 ብቻዋን ዓለምን ዞራ የጨረሰችው እ.ኤ.አ. በ1978 በተሠራች 38 ጫማ ያገለገለች ጀልባ ነው፣ ግን ከመነሳቷ በፊት ከአባቷ ጋር ሆነው በደንብ አድሰዋታል። ጽሑፋችሁ እንዲህ ያለውን ነገር ቢያነሳ አቅም የሌለው ወጣት ተስፋ ያገኝ ነበር።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ በብዙ አገር የጀልባ ዕዳ ሰውየውን ትቶ ጀልባዋን ተከትሎ ይሄዳል፣ የቀድሞው ባለቤት ለጥገና ወይ ለማሪና ያልከፈለው ገዢው ላይ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ ከመዝገቡ ዕዳ እንደሌለባት ሳይጣራ ሙሉ ገንዘብ አይከፈልም። የአካል መለያ ቁጥሯንም ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፣ አሜሪካ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1972 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ጀልባ ከኋላው በቀኝ በኩል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይኖረዋል፣ ተፍቆ ወይ ተቀይሮ ካያችሁት ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት።

መርማሪውን ራሳችሁ ፈልጉ፣ ራሳችሁ ክፈሉት፣ ሪፖርቱ በእናንተ ስም ይጻፍ። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው፣ የእሱ ሰው ነገ ሌላ ሥራ እንዲሰጠው ይፈልጋል፣ ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን እንጀራው ስለሆነ ዓይኑን ይጨፍናል። ቀብድ ስትሰጡ ውሉ ላይ ምርመራውና ባሕር ላይ ሙከራው ካላረካኝ ገንዘቤ ይመለሳል የሚል ይጻፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀብዱ የዋጋው 10 በመቶ ነው። በክሬን ማውጫውን ገዢው ይከፍላል፣ ብዙዎች የሚሳሱት እዚህ ጋ ነው፣ እኔም ሳስቼ ነበር። በኋላ ለቼንፕሌቱ፣ ለበሰበሰው እንጨትና ለዴኩ ያወጣሁት ከክሬኑና ከጥሩ መርማሪ ክፍያ ብዙ እጥፍ ነው፣ አንድ ሙሉ የጉዞ ወቅትም ጀልባዋ መሬት ላይ ቆማ አለፈ።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ያቺን ስለ ደላላው መርማሪ የጻፋችኋትን መስመር በሚቀጥለው እትም አስተካክሉልን፣ ከተቻለም ከሻጭም ከደላላም ጋር ግንኙነት የሌለው መርማሪ ጠይቃችሁ ሙሉ ገጽ ስጡት። ከጀልባዬ የወጣውን ቼንፕሌት አልጣልኩትም፣ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ስንጥቁ ያለ አጉሊ መነጽር ይታያል። ፎቶ አንስቼ ልልክላችሁ እችላለሁ፣ ብረቱን ራሱንም ከፈለጋችሁ አምጥቼ አሳያችኋለሁ፣ ፎቶውን የያዘ ሰው ጀልባ ሊያይ ሲሄድ የቱ ጋ በባትሪ ማብራት እንዳለበት ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ