የማን ሥራ ነው? የአእምሯዊ ንብረት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በዓመቱ መጀመሪያ ያወጣነው ዕቅድ ሰፊ ነበር፤ የቅጂ መብት፣ ፓተንት (ለአዲስ ፈጠራ የሚሰጥ የባለቤትነት መብት)፣ የንግድ ምልክትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ሁሉም ገብተውበት ነበር። ወደ ሥራ ሲገባ ግን የክበቡን አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው አንድ ጉዳይ ሆነ፤ ተማሪው ለፕሮጀክቱ የሰውን ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ ሲወስድ ምን መጻፍ አለበት? ይህ መሆኑም ተገቢ ነው። ፓተንት የሚያወጣ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ከሰው ጽሑፍ የማይወስድ ተማሪ ግን የለም።

አባላቱ መጀመሪያ የለመዱት ካርድ መያዝ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ለአራት ይቆረጣል። አናቱ ላይ የጸሐፊው ስም፣ የመጽሐፉ ርዕስ፣ የታተመበት ዓመት፣ አሳታሚውና ገጹ ይጻፋል፤ ይህ ሳይሞላ ከታች አንድ ቃል አይገለበጥም። በፊት ለፊቱ የተወሰደው ቃል እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይሰፍራል። ከዚያ መጽሐፉ ይከደናል፣ ካርዱ ይገለበጣል፣ ተማሪውም የገባውን ያህል በራሱ አነጋገር ይጽፋል። መጽሐፉን መክደን የግድ ነው። ተገልጦ ከተቀመጠ ዓይን ወደ ዓረፍተ ነገሩ ይመለሳል፤ «ታላቅ» የነበረው «ትልቅ» ይሆናል፣ «አሠራ» የነበረው «አስገነባ» ይሆናል፣ አካሄዱ ግን የጸሐፊው እንደሆነ ይቀራል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ቃላቱ ቢለወጡም ቅጂ ነው። በራስ አነጋገር በትክክል የተጻፈውም ቢሆን ምንጩ ይጠቀሳል፤ የማይጻፈው ትእምርተ ጥቅሱ ብቻ ነው።

ምንጩን «በኋላ እጽፈዋለሁ» ያለ ተማሪ ብዙውን ጊዜ አይጽፈውም። በቴሌግራም የሚዞር ማስታወሻ የጸሐፊ ስም የለውም፤ ፋይሉ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የመጀመሪያው ገጽ ይቀራል፣ ርዕሱ ይቀየራል። ማስረከቢያው ቀን ሲደርስ «ከኢንተርኔት የተወሰደ» ወይም «ጉግል» ተብሎ ይጻፋል። ጉግል ግን ፈልጎ ያሳያል እንጂ አልጻፈውም። ገጹን የጻፈው ሰው ወይም ድርጅት፣ የገጹ ርዕስ፣ ሙሉ አድራሻውና የታየበት ቀን ካልተመዘገበ ምንጭ ተጠቅሷል አይባልም።

ሁለት ስህተቶች በተደጋጋሚ ታይተዋል። አንደኛው የስም አጻጻፍ ነው። የውጭ መመሪያዎች የቤተሰብ ስም ይቀድማል ስለሚሉ አበበ ከበደ የተባለ ጸሐፊ «ከበደ፣ አ.» ተብሎ ይሰፍራል። በእኛ አገር የአባት ስም የቤተሰብ ስም ስላልሆነ እንዲህ ሲጻፍ የተጠቀሰው ልጁ ሳይሆን አባቱ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ በስሙ ጀምሮ በአባቱ ስም፣ ሳይገለበጥና ሳያጥር ይጻፋል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ በአማርኛው ቁጥር 410/1996፣ በእንግሊዝኛው 410/2004 ይባላል፤ ሁለት አዋጅ የመሰላቸው ተማሪዎች ነበሩ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። በመጽሐፉ ላይ ያለው ዓመት ሳይቀየር እንዳለ ይጻፍና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይታከልበት።

አዋጁን አትመን አባላቱ እንዲያነቡት አድርገናል። ሕግና ይፋዊ ትርጉሙ ራሳቸው የቅጂ መብት ጥበቃ ስለሌላቸው ማባዛቱ ፈቃድ አያሻም። አንቀጽ 5 ሐሳብን፣ ዘዴን፣ ቀመርንና ተራ መረጃን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. መቆርቆሯን ማንም መጻፍ ይችላል፤ አንድ ጸሐፊ ያንን የተረከበት አገላለጽ ግን የእርሱ ነው፣ በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። መብቱ የሚገኘው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ምዝገባ ማስረጃ ይሆናል እንጂ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሣለው ሥዕልም እንዲሁ የራሱ ነው።

ከሁሉ በላይ የተጠየቀው ጥያቄ «ስንት ገጽ ፎቶ ኮፒ ይፈቀዳል?» የሚል ነበር። አዋጁ የገጽ ቁጥር አላስቀመጠም። አንቀጽ 10 ለጥቅስ፣ አንቀጽ 11 ለማስተማር ሲፈቅዱ መለኪያቸው ዓላማው የሚጠይቀው መጠንና ተገቢው ልማድ ነው። የምዕራፉን ሁለት ሠንጠረዥ ለትምህርት ማባዛት አንድ ነገር ነው፤ ገበያ ላይ ያለ አጋዥ መጽሐፍን ሙሉውን አባዝቶ ለክፍሉ መሸጥ ሌላ ነው። ሁለተኛው የመጽሐፉን ገዢ ይወስዳል፣ ቀጣዩን እትም የሚያዘጋጀውን ሰውም ያዳክማል። እኛ ለአባላቱ ያስተማርነው ቁጥር ሳይሆን ጥያቄ ነው፦ ይህ ቅጂ መጽሐፉን ከመግዛት ያስቀራል? ያስቀራል ከተባለ አይባዛም።

የፎቶግራፍ ጉዳይ ለጎንደር ልጅ ቅርብ ነው። የፋሲል ግንብ ወይም የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ዕድሜ ጠገብ ስለሆኑ የቅጂ መብት አይመለከታቸውም። እነሱን ያነሣው ፎቶግራፍ አንሺ ግን ማዕዘኑን፣ ብርሃኑንና ሰዓቱን መርጧል፤ ፎቶው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ጥበቃ አለው። «ግንቡ የሁላችን ነው» ብሎ ፎቶውን ከፌስቡክ ማውረድ ስለዚህ አያስኬድም። ለዚህ የትምህርት ቤታችን መጽሔት ከተማሪዎች ስልክ የተነሡትን ከነስማቸው ተጠቀምን። ነጻ ምስሎች ከሚገኙበት ድረ ገጽ፣ ከዊኪሚዲያ ኮመንስ ስንወስድ ደግሞ አራት ነገር ጻፍን፦ የሥራው ርዕስ፣ የአንሺው ስም፣ የፈቃዱ ዓይነትና አድራሻው። «ነጻ ነው» ማለት ስም አይጻፍም ማለት አይደለም፤ የሥራው ባለቤት ሌሎች በምን ሁኔታ እንደሚጠቀሙበት አስቀድሞ የሚገልጽባቸው የክሪየቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ብዙዎቹ የመጀመሪያ ግዴታቸው ስም መጥቀስ ነው። የተነሣው ሰውም መብት አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል፤ እንደ ጥምቀት ያለ የአደባባይ በዓል ሲሆን አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል።

ለመጽሔቱ ሥራ የሚሰጡ ተማሪዎች አንድ ገጽ የፈቃድ ቅጽ ሞልተዋል። ቅጹ የሥራውን ርዕስ፣ ለየትኛው እትም እንደተሰጠ፣ በኅትመት ብቻ ወይስ በቴሌግራምም እንደሚወጣ፣ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ይጠይቃል፤ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል። «ለትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ» የሚል ጥቅል ቃል እንዳይገባ ተጠንቅቀናል። ልጁ ነገ ግጥሞቹን ሰብስቦ ሊያሳትም ይችላል፤ መጽሔቱ የሚያስፈልገው ደግሞ የአንድ እትም ፈቃድ ብቻ ነው።

ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ ጋር የሠራነው የፈጠራ መዝገብ፣ ማለትም ፈጠራው እንዴት እንደተሠራ በየቀኑ የሚጻፍበት ደብተር ነው። ገጾቹ አስቀድመው ቁጥር የተሰጣቸው፣ የተሰፋ ደብተር መሆን አለበት፤ በእስክርቢቶ ይጻፋል፣ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፣ ባዶ ቦታ በመስመር ይዘጋል፣ ከየገጹ ግርጌ ቀንና የምስክር ፊርማ ይሰፍራል። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት ለ15 ዓመት ይጸናል፣ ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል፤ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። የተማሪ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጥነው ሁለተኛው ነው፤ አንድን ነባር ምድጃ ወይም የእህል ማድረቂያ ያሻሻለ ልጅ ፓተንት እያለ ጊዜ ባያጠፋ ይሻለዋል። ከማመልከት በፊት በፓተንትስኮፕ (የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የኢንተርኔት የፓተንት ማውጫ) ያለ ክፍያ መፈለግ ይቻላል። ትልቁ ጥፋት ሥራውን ሳያመለክቱ በቲክቶክ መልቀቅ ነው፤ በይፋ የታየ ነገር አዲስነቱን ሊያጣ ይችላል። የንግድ ምልክት ላይ ብዙ አልሠራንም፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ለ7 ዓመት ተመዝግቦ እንደሚታደስ ከማሳየት አላለፍንም።

ሚያዝያ 18፣ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ቀን፣ ክበቡ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ የጤፍን ጉዳይ አቀረበ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ በኔዘርላንድ ዋጋ አሳጣው። በጎንደር አቅራቢያ በደምቢያ ጤፍ የሚያመርቱ ቤተሰቦች ላሏቸው ተማሪዎች ነገሩ ሩቅ አልሆነባቸውም።

ከዚያ በኋላ አባላቱ አያቶቻቸው የሚያውቁትን የባህል መድኃኒት ጽፈው አመጡ። ይታተም ወይስ አይታተም በሚለው ክርክር ተነሣ። የታተመ ዕውቀት ሌላው «እኔ ፈጠርኩት» እንዳይል ማስረጃ ይሆናል፤ በሌላ በኩል ከታተመ በኋላ ማንም ሊወስደው ይችላል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀትን የማኅበረሰቡ መብት አድርጎ ስለሚያይ፣ በአንድ የልጅ ልጅ ደብተር ላይ ስለተጻፈ ብቻ ማውጣቱ ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም። በዚህ እትም የዕፀዋቱ ስም ብቻ ወጥቷል። አዘገጃጀቱና መጠኑ የተጻፈባቸው ገጾች ለየቤተሰቡ ተመልሰዋል፤ ፈቅደው የፈረሙ እናቶችና አባቶች ካሉ በ2018 ዓ.ም. ክበቡ ከነስማቸው መዝግቦ በቤተ መጻሕፍቱ ያስቀምጥላቸዋል።