ድንኳንህ እኔ ጋ ናት

ቀጮ፣

"እንዴት ነህ" ብዬ እንደ ትናንት ሰው ብጀምር እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም እኮ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ፣ ዝርዝሩን ካልፈራሁ ወደታች እመጣበታለሁ። አሁን የጻፍኩት ቤት ስቀይር ድንኳንህን ስላገኘኋት ነው። አዎ አረንጓዴዋ። አንድ ዘንጓ ተሰብሯል፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ እሱንም ወደታች።

ስማ፣ ኅዳር መጨረሻ ባሌ በሳይክል ልሄድ ነው። እንደገና። ("እንደገና" የምትለዋን ስታይ ቅንድብህ ሽቅብ ሲሄድ ይታየኛል።)

የዘንድሮው ግን ከታች ነው የሚጀመረው፣ ከደሎ መና ወደ ጎባ፣ ሽቅቡን። አብደሃል በለኝ። ደሎ መና ከ1,500 ሜትር በታች ነው፣ መሃል ያለው የሳኔቲ ሜዳ ደግሞ ከ4,000 በላይ፣ በትንሹ 2,500 ሜትር ዳገት ከነጓዝ ማለት ነው። እንጦጦን በጠዋት ወጥተን ሱሉልታ ዳቦ በሻይ የምንበላበት ጉልበት አይበቃውም፣ የኔ ግራ ጉልበት ደግሞ አሁን ደረጃ ስወጣም ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ለማንም አልተናገርኩም ላንተ ነው የምነግርህ።

ለምን ሽቅብ መሰለህ? ባለፈው ከጎባ ተነሳሁ። መጀመሪያ ጥዱና ኮሶው ነው፣ ጥላ አለ፣ ደስ ይላል፣ ከዚያ ዛፉ እያጠረ እያጠረ አስታ ብቻ ይሆናል፣ ከዚያ ድንገት ምንም የለም። ሜዳ። ጅብራ እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሞ፣ ነፋስ፣ ሰማይ። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከምታገኘው 60 በመቶ ገደማ ነው፣ እና እኔ በትንሹ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ፣ እንደ አሮጌ ፓምፕ እያፏጨሁ። አባትህ፣ አባባ፣ "ሳኔቲ ላይ ሞተርም ያፍነዋል" ይሉ የነበረው ገባኝ። በኤንትሬ የጭነት መኪና እህል ጭነው ሲያልፉ ያዩትን ነገር ሁሉ በተረት መልክ ነበር የምንሰማው፣ ለካ ምንም አልጨመሩበትም።

ቀይ ቀበሮም አየሁ። አንዲት፣ ከመንገዱ ሃምሳ ሜትር ቢሆን ነው፣ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮዋን ቀስራ። እኔን ከቁብ አልቆጠረችኝም። በዓለም ላይ የቀሩት 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ እዚያው ባሌ ነው፣ እና እኔ ስልኬን ከኪሴ እስካወጣ ሄደች። በቃ ፎቶ የለም፣ እመነኝ።

መኪናውስ አትለኝም? ከጎባ ሜዳውን አቋርጦ ጫካው ውስጥ እስካለችው ሪራ 11 ቆጥሬያለሁ። መንገዱን ሙሉ 11! አብዛኛው አይሱዙ ነው፣ ግን ያ አልቃይዳ የምንለው የደብረ ዘይት መንገዱ ዓይነት አይደለም፣ ቀስ ብሎ አልፎ አቧራውን ያለብስህና ረዳቱ "አይዞህ!" ይልሃል። ዝም ብሎ የራስን ትንፋሽ እየሰሙ መንዳት ምን ማለት እንደሆነ አዲስ አበባ ተወልጄ አላውቀውም ነበር።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሜዳው ጫፍ ላይ ስትደርስ መሬቱ ይቆረጣል፣ ከሥርህ ሐረና ጫካ ነው፣ አረንጓዴ ባሕር በለው፣ ደመናው ከታች። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። እና እኔ ጫካውን በፍሬን ነው ያለፍኩት። እውነቴን ነው፣ ከፊት ጎማዬ ሥር ካለው ድንጋይ ሌላ ያየሁት የለም፣ ጣቶቼ ደንዝዘው፣ ፍሬኑ ሸቶ፣ ሸራው አልቆ ብረት በብረት ሲፋጭ ሪራ ደረስኩ። አስታው ላይ እንደ ሽማግሌ ጺም የተንጠለጠለውን ነገር፣ ቀርከሃውን፣ ከዛፍ ላይ የተሰቀለውን ቀፎ፣ ከሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለውን ቡና፣ ሁሉንም በጨረፍታ። ዳገት ሲሆን ግን እየተለመንክም አትፈጥንም፣ ሁሉንም ታየዋለህ። ለዚህ ነው ሽቅብ ያልኩት።

ለዚህ ብቻ ግን አይደለም።

እሺ። መስከረም 2016 ዩኔስኮ የባሌን ፓርክ ሲመዘግበው "ፈረንጅ ሳይሞላው እንሂድ" ያልከኝ አንተ ነህ። ታኅሣሥ ላይ ልንነሳ ሁለት ሳምንት ሲቀረን አባባ ታመሙ፣ አንተም "ሌላ ጊዜ" አልክ፣ እኔም "ችግር የለም፣ አብረን ነው የምንሄደው" አልኩህ። ከዚያ ፈቃድ ወስጄ ስለነበር... ተወው፣ ምክንያት አይደለም። ብቻዬን ሄድኩ። ድንኳንህን ይዤ። ሳልነግርህ።

ሪራ ላይ ኔትወርክ አልነበረኝም፣ ሁለት ሌሊት አደርኩ ፍሬኑን እየጠጋገንኩ። ደሎ መና ስገባ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተንጫጫ። አባባ የተቀበሩት በዋዜማው ነበር። ሻይ ቤት በር ላይ ሳይክሌን ይዤ ቆሜ መልእክቱን አንድ በአንድ አነበብኩት፣ ባለቤቷ የምትለኝ አይገባኝም (የኔ ኦሮምኛ "አካም ጂርታ" ላይ ነው የሚያልቀው፣ ታውቃለህ) ግን ወንበር አውጥታ አስቀመጠችኝ።

ለሠልስት አልደረስኩም። ከሠልስት በኋላ በምን ፊቴ አልኩ። አርባው ሲደርስ አስፋልቱን ተሻግሬ በራችሁ ድረስ መጥቼ ድንኳኑን አይቼ ተመለስኩ፣ ይሄን ማንም አያውቅም። ከዚያ ሙት ዓመቱ፣ ከዚያ ዝም። የለቅሶ ዕዳ ሲቆይ ወለዱ እንዲህ ነው ለካ። በቃ፣ አልኩት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ያሰብኩት ሦስት ቀን ነው። የመጀመሪያው ከደሎ መና ተነስተን ቡናው ውስጥ እስከቻልንበት፣ ኅዳር ለቀማ ላይ ስለሚሆኑ ሰው አናጣም። ሁለተኛው እስከ ሪራ፣ እዚያ እናርፋለን። ሦስተኛው ሳይነጋ ተነስተን ገደሉን ወጥተን ሳኔቲን በጊዜ አቋርጠን ጎባ። ሜዳው ላይ ማደር የለም! ሌሊት ውሃህ ጠርሙስ ውስጥ በረዶ ይሆናል፣ ዘንግህንም የሰበረው የዚያ ነፋስ ነው፣ ጅልነት ነበር። ጥናቱ ካለን የቱሉ ዲምቱን ጫፍ፣ 4,377 ሜትሩን፣ እንነካለን፣ ከሌለን ከታች ሆነን እንሰድበዋለን። የእረኞቹ ውሾች ናቸው የሚያስፈሩኝ፣ ሲመጡ መፍጠን ሳይሆን ወርዶ ሳይክሉን መሃል አድርጎ መቆም ነው፣ አንተ ግን ሁሌ ትፈጥናለህ። ከመነሳታችን በፊት ደግሞ ደውለን የመንገዱን ሁኔታ እንጠይቃለን፣ ባለፈው እሱንም አላደረግኩም።

"እንነሳ፣ እናርፍ" እያልኩ መጻፌን አሁን ነው ያየሁት። አልሰርዘውም።

አንድ ነገር ብቻ። ሳይክልህን ሸጥከው የሚል ወሬ ሰምቻለሁ፣ ማን እንደነገረኝ አትጠይቀኝ። እውነት ከሆነ እኔ የድሮዋን አላስወጣኋትም፣ አንድ ካቴናና ሁለት ከመነዳሪ ነው የሚጎድላት፣ ላንተ ትንሽ ታጥራለች ግን መቀመጫዋን ከፍ እናደርጋለን። ዘንጉንም መርካቶ አልሙኒየም ቱቦ የሚቆርጥ ልጅ አግኝቻለሁ፣ ቅዳሜ እወስደዋለሁ። አብረን ብንወስደው ደግሞ ልኩን አንተ ታውቀዋለህ።

ወይም ዝም ብለህ ስደበኝ፣ በስልክም በጽሑፍም ይሁን። ሳይክሉን ሸጠኸው ከሆነም ንገረኝ፣ አልቆጣም፣ ድንኳን የሰበረ ሰው ምን አፍ አለው።