ምስጋና ለሁላችሁም፣ ከሁሉ በፊት ግን ለጋሼ

ሰላም ለሁላችሁም። ደህና ነኝ። ተነስቼ እሄዳለሁ፣ ምግብ ይበላልኛል፣ እንቅልፍም መጥቷል። ይህን የምጽፈው እቤቴ፣ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው።

ቡድኔን እየመራሁ በጨዋታ መሀል ልቤ ቆሞ ስወድቅ ሁላችሁም አይታችኋል። ቪዲዮው ያልደረሰው ሰው የለም። እኔ አላየሁትም፣ ለማየትም ልቤ እሺ አላለኝም። ስለዚህ ያን ምሽት አልተርክላችሁም። መናገር የምፈልገው ስለ ሰዎቹ ነው።

በቅደም ተከተል ላደርገው አስቤ ነበር። ክለቡን፣ ሐኪሞቹን፣ ተጫዋቾቹን፣ ደጋፊውን እያልኩ። አልሆነልኝም። ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ አንድ ሰው ነው። ወጌሻችን። ስሜን እንዳታነሳ ብሎኛል፣ እሺ ብዬዋለሁ። በዚህ ክለብ ያለፈ ሁሉ ግን ጋሼ ስል ማንን እንደሆነ ያውቃል።

ጋሼን ያወቅኩት ገና ተጫዋች ሳለሁ ነው፣ የጉልበቴ ጅማት የተበጠሰ ጊዜ። ኤሲኤል የሚሉት ይህ የጅማት ጉዳት የደረሰበት ሰው ይገባዋል። ሰውን የሚሰብረው ቀዶ ጥገናው ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ነገሩ ሁሉ በደህና ቢሄድ እንኳ ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ጓደኞችህ ሜዳው ላይ እየተሯሯጡ ሲሳሳቁ ትሰማለህ። አንተ ጥግ ላይ እግርህን ዘርግተህ፣ የተጠቀለለ ፎጣ ጉልበትህ ስር አድርገህ፣ ፎጣውን ወደ ታች ትጫነዋለህ፣ ትቆጥራለህ፣ ትለቃለህ። ደግሞ ትጫነዋለህ። ቀኑን ሙሉ ሥራህ ይህ ነው። እና ጋሼ ከጎኔ መሬት ላይ ይቀመጥ ነበር። አሳይቶኝ ወደ ሌላው ሥራው መሄድ ይችል ነበር፤ ሌሎች የሚያሻቸው ልጆችም ነበሩት። እሱ ግን አጠገቤ ቁጭ ይልና ሜዳውን እያየ ይጠይቀኛል።

«ያ አማካይ ኳሱ ሳይደርሰው ዞር ብሎ አየ?»

«አላየም።»

«ለምን አላየም?»

መልስ ከሌለኝ ዝም ይላል። አይነግረኝም። በማግስቱ ያንኑ ይጠይቀኛል። ያን ጊዜ ሕመሜን ሊያስረሳኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ጨዋታ ማየት ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ኳስ እጫወት ነበር እንጂ ጨዋታ አላይም ነበር።

ጉልበቴ ድጋሚ ሄዶ ጫማ መስቀል ግድ ሲሆንብኝ ደግሞ ብዙ ሰው አጽናናኝ፤ ሁሉንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ግን አላጽናናኝም። መልበሻ ክፍል ብቻዬን ቁጭ ባልኩበት ገባ፣ ፋሻውን ፈታልኝ፣ «የተጎዳው ጉልበትህ ነው፤ ዓይንህ ደህና ነው» አለኝና ወጣ። በማግስቱ የአሰልጣኞች ኮርስ መመዝገቢያ ቅጽ ይዞልኝ መጣ። ከታችኞቹ የአሰልጣኝነት ላይሰንሶች አንዱ፣ የሲ ደረጃ። ቅጹን እንኳ ግማሹን ሞልቶልኝ ነበር።

ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ትንሽ አረፍ ብዬ ነው የተመለስኩት።

ተጫዋች ለነበረ ሰው አሰልጣኝነት የሚከብደው አይመስልም። ይከብደዋል። ተጫዋች ስትሆን ራስህን ትጠብቃለህ፣ ትዘጋጃለህ፣ በቃ። አሰልጣኝ ስትሆን የሰው ሁሉ ጉዳይ ያንተ ነው። አሥራ አንዱን መርጠህ ስም ዝርዝሩን ስትለጥፍ ስሙን ያጣው ልጅ እንዴት እንደሚያይህ የሚያውቀው የለጠፈው ብቻ ነው። ትናንት አብረኸው ስትቀልድ የነበረ ጓደኛህን ዛሬ ቤንች ላይ ታስቀምጠዋለህ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጋሼ ነበረ። ስንሸነፍ ሁሉም ከተበተነ በኋላ መኪናው ውስጥ ይጠብቀኛል። ስለ ጨዋታው አንድም ቃል አያነሳም። ቤቴ ያደርሰኛል፣ «ተኛ» ይለኛል፣ ይሄዳል።

መንግሥቱ ወርቁ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ካነሱት ተጫዋቾች አንዱ ነበር፣ ኋላም ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥኗል። ናይጄሪያዊው ስቴፈን ኬሺ ያንኑ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1994 ተጫዋች ሆኖ፣ በ2013 ደግሞ አሰልጣኝ ሆኖ አንስቷል። ዋንጫዎቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በመሀል ባሉት ዓመታት አጠገባቸው ማን እንደነበረ፣ ማን እንደሸኛቸው፣ ማን ፋሻቸውን እንደፈታ ግን አይጻፍም። የእነሱን አላውቅም። የእኔ እንዲጻፍ ስለፈለግኩ ነው እዚህ የጻፍኩት።

እና ያ ምሽት መጣ። መጀመሪያ የደረሰልኝ እሱ ነው። ይህንን ሁላችሁም አይታችኋል። ያላያችሁት ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በአውሮፓ ዋንጫ የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ የወደቀ ጊዜ ሁላችንም በድንጋጤ ስናወራ ሰነበትን። ጋሼ አላወራም። ኮርስ ገብቶ ተማረ። ዲፊብሪሌተር የሚሉት የልብ ማስነሻ ካልተገዛ ብሎ ቢሮ እየተመላለሰ ሰው አስጨነቀ። ተገዛ። ከዚያ ሁላችንንም፣ ትጥቅ የሚይዝልንን ልጅ ሳይቀር፣ አሻንጉሊት ላይ ደረት መጫን አስተማረን። መሀል ደረት ላይ፣ ክንድ ሳይታጠፍ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ከሜዳችን ውጭ ስንጫወት መሣሪያዋን ራሱ ነው የሚይዛት፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ሐኪሞቹ ነግረውኛል፤ ልብ በዚያ ዓይነት ሲቆም ያለ እርዳታ የሚያልፍ እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድልን ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። እኔ ዘንድ የደረሰው ወዲያው ነው። ልጆቼ አባት ያላቸው በዚያ ነው።

ጋሼ፣ ሆስፒታል ስትመጣ ላመሰግንህ ስል እጄን ይዘህ «ዝም በል፣ አትድከም» አልከኝ። አሁን አልደከምኩም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥህ። በልጅ በልጅ ልጅ ተባረክ።

ወደ ሌሎቻችሁ ልምጣ።

የሆስፒታሉ ሐኪሞችና ነርሶች፣ በተለይ የሌሊት ተረኞቹ፣ እጃችሁ ይባረክ። ዳኞቹ፣ ፊሽካውን ሳታመነቱ ስለነፋችሁ አመሰግናለሁ። የተጋጣሚያችን ልጆች፣ ከኛ ልጆች ጋር ሆናችሁ በጀርባችሁ ስለከለላችሁኝ፣ ማሊያ ሳትለዩ ስለጸለያችሁ፣ ውለታችሁ አለብኝ። ክለቡ ቤተሰቤን ምንም አላሳጣቸውም። ደጋፊው ምን እላችኋለሁ? ስሜን እየጠራችሁ በር ላይ እንዳደራችሁ ተነግሮኛል።

ተጫዋቾቼ፣ እናንተን ሳስብ ሆዴ ይባባል። አምበላችን በየቀኑ ከልምምድ በኋላ መልበሻ ክፍሉን እየቀረጸ ይልክልኝ ነበር፤ ጫጫታችሁን እንድሰማ ብሎ። ሰምቼዋለሁ። ደጋግሜ ነው የሰማሁት።

አንድ ልጅ ደግሞ አለ። ከዓመታት በፊት ከቡድኑ የቀነስኩት ነው። ውሳኔው ከባድ ነበር፣ እሱም አልቅሶ ነው የተለየኝ። ሆስፒታል መጣ። ዛሬ እሱም ሕፃናት ያሠለጥናል። «ኮች፣ ያን ቀን ስትቀንሰኝ ዓይኔን እያየህ ነው የነገርከኝ፤ እኔም ልጆቼን እንደዚያ ነው የምነግራቸው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፣ ካገኘሁት ዋንጫ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ባለቤቴን እዚህ አላመሰግናትም። የሷ ለብቻ ነው፣ እቤት ውስጥ።

ብዙዎቻችሁ የሆላንዳዊውን አሰልጣኝ የዮሐን ክራይፍን ታሪክ ልካችሁልኛል። እ.ኤ.አ. በ1991 የልብ ቀዶ ጥገና አድርጎ፣ በዓመቱ ባርሴሎናን ይዞ የአውሮፓ ሻምፒዮን እንደሆነ። ፍቅራችሁ ገብቶኛል፤ ትመለሳለህ ወይ ነው ጥያቄው። ለጊዜው አልመለስም። ሐኪሞቹ እረፍት ብለዋል፣ እኔም እሺ ብያለሁ። ቡድኑን ምክትሌ ይዞታል፤ በዚያ ምሽት የራሱን ድንጋጤ ዋጥ አድርጎ ልጆቹን የሰበሰበ ሰው ነው፤ ልጆቹም ያምኑታል። እኔ ሲፈቀድልኝ ከሕፃናቱ ቡድን ጋር ቁጭ ብዬ «ለምን አላየም?» እያልኩ እጠይቃለሁ።

ስማችሁን ያላነሳኋችሁ ይቅር በሉኝ። የደወላችሁ፣ ሻማ ያበራችሁ፣ ዱዓ ያደረጋችሁ፣ ደም ለመስጠት የተሰለፋችሁ፣ ከባሕር ማዶ መልእክት የላካችሁ፣ ልቆጥራችሁ አልችልም። መልእክቶቻችሁን ቀስ እያልኩ አነባለሁ፤ ሳልመልስ ብቆይ አትቀየሙኝ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ። ቡድን ያላችሁ፣ የሰፈርም ይሁን የትልቅ ክለብ፣ ነገ ልምምድ ስትሄዱ የልብ ማስነሻ አለን ወይ፣ የት ነው የተቀመጠው፣ ማን ይችልበታል ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ እስኪገዛ ድረስ እንደ ጋሼ አስጨንቁ።

እሁድ ጨዋታ አለን። እኔ ከቤት ነው የማየው። ምክትሌ መጀመሪያ ሲወጣ ስሙን ጥሩለት።