ናኔትንም አንርሳት

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ዝነኛው የፊልም ውሻ ስለ ሪንቲንቲን የተሠራውን የቤተሰብ ፊልም ከልጆች ጋር እንድናይ መጠቆማችሁ ጥሩ ነው፤ እኛም ቤት አየነው። ጽሑፋችሁ ግን «አንድ ወታደር ቡችላ አዳነ» ብሎ በአንድ መስመር ያለፈው ነገር ቆጭቶኛል። የታሪኩ ነፍስ ያለው እኮ እዚያ ላይ ነው።

ሊ ዱንካን የተባለው አሜሪካዊ ወታደር ውሾቹን ያገኘው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1918፣ ፈረንሳይ ውስጥ ፍሊሬ በምትባል መንደር ነው። እሱ ራሱ እንደተናገረው የጀርመን ጦር የውሻ ማርቢያ በቦምብ ፈራርሶ፣ የቀሩት ውሾች አልቀው፣ አንዲት እናት ብቻ ዓይናቸውን እንኳ ያልገለጡ አምስት ቡችሎቿን ይዛ ተርፋለች። ሁለቱን ለራሱ አስቀረ። ፈረንሳዮች ያኔ ከቦምብ ይጠብቃሉ ብለው ለወታደሮች የሚሰጧቸው ከክር የተሠሩ ትንንሽ አሻንጉሊቶች ነበሩ፤ ስማቸውን የወሰደው ከእነሱ ነው። ወንዱ ሪንቲንቲን፣ ሴቷ ናኔት።

ናኔትን ማን ያስታውሳታል? ከዚያ ሁሉ ጦርነት ተርፋ፣ አትላንቲክን በመርከብ ተሻግራ፣ አሜሪካ ከገቡ ብዙም ሳይቆይ የሳንባ ምች ገደላት። ወንድሟ ግን ዋርነር ብራዘርስ በተባለው የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ ፊልሞች ላይ ሠርቶ ዓለም ያወቀው ኮከብ ሆነ።

ስለ ዱንካንም አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ሳለ እናቱ ማሳደግ አቅቷት እሱንና እህቱን ኦክላንድ ከተማ ሕፃናት ማሳደጊያ አስገብታቸው ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው ተመልሳ የወሰደቻቸው። ወታደር ሆኖ፣ በጦርነት መሀል፣ እነዚያን ቡችሎች ጥሎ መሄድ ለምን እንዳቃተው የገባኝ ይህን ሳውቅ ነው።

«ይሄ ለልጅ ይከብዳል» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ልጄ ፊልሙ ሳያልቅ «ሌሎቹ ውሾችስ የት ሄዱ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሞቱ አልኳት፤ ስለ ናኔትም ነገርኳት። አለቀሰች፣ እቅፌ ውስጥ ገባች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ እናትየዋ ውሻ ምን በልታ ቡችሎቿን እንዳጠባች መጠየቅ ጀመረች። ልጆች እውነቱን ይችሉታል፤ የሚከብዳቸው ትልቅ ሰው ሲሸሽባቸው ነው።

ስለዚህ አደራ፣ ሌላ ጊዜ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተሠራ ፊልም ስትጠቁሙን ዋናውን ታሪክ በሁለት ሦስት አንቀጽ አክሉልን። ልጁ ድንገት የሚጠይቀው ወላጅ ብዙ ነው።

አንዲት አንባቢያችሁ